ጥቀርሻ ያልነካት ድስት

የበኩር ልጄ ሰባት ወር የሞላው ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነበር፤ ስምንትም ሊሆን ይችላል፤ ወራቱ ተደበላልቀውብኛል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ንፋስ መውጫ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴና ሕፃኑ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ናቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ በበቅሎ እየሄድሁ አያቸዋለሁ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከእንግዲህ ጡት ብቻ እንደማይበቃው ነግሮኛል፦ አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ፈልቶ የበረደ ወተት ይግባበት፤ በደንብ የበሰለ የእንቁላል አስኳል ልሞ በጥቂት በጥቂቱ ይለማመድ፤ በግድ አይጋት።

ችግሩ ጾሙ ነበር። ወተትና እንቁላል የነካ ዕቃ እስከ ፋሲካ ከጾም ዕቃ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን ትንሽ የሸክላ ድስት ገዛሁ። የነፍስ አባታችንንም ጠየቅኋቸው።

«ሕፃን ምን ጾም አለበት? ይብላ እንጂ!» ብለው ድስቲቱን ባረኩልኝ። ባለቤቴም እሺ አለች፤ ቃሉን ከአፏ ሰምቼው ይሁን ዝምታዋን እሺ ብዬ ተቀብዬው ግን ዛሬ አልምልም።

በሄድሁ ቁጥር «አበላሉ እንዴት ነው?» እላታለሁ።

«እንደ ቆሎ ተማሪ ነዋ! ድስቲቱንም ሊውጣት ምን ቀረው?» ትለኛለች። እስቃለሁ።

በሦስተኛው ጉዞዬ ይመስለኛል፣ ሕፃኑን ሳነሣው ቀለለኝ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ማድቤት ገብቼ ድስቲቱን ገለበጥኋት። ይህን አልጠራጠርም፦ መቀመጫዋ ከገበያ እንደመጣች ቀይ ነበር። ጥቀርሻ አልነካትም፤ እንኳን ሊበስልባት አልተሟሸችም።

«ምን ስታበይው ከረምሽ?»

«የገብስ ውኃ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔ ምን ላድርግ? አባ ናቸው ያሉኝ። ‹ለሱ እሺ በይው፤ ድስቲቱን ግን የጾም ምግብ ከሚበስልበት እሳት እንዳትጥጂ› አሉኝ።»

«በፊቴ ባርከው?»

«የተማረ ሰው ክርክሩ አያልቅም፤ እሺ ማለት ይቀላል ብለው ነው።»

ጾማቸውን አልነቀፍሁም፤ እኔም ጾመኛ ነበርሁ። የቆጨኝ ሁለቱም ሲስቁልኝ ልጄ መራቡ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በግቢው ጥግ ሦስት ጉልቻ ጎልቼ ድስቲቱን ራሴ አሟሸሁ፤ አጥሚቱንም በወተት ሠራሁ። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ማንኪያዎች ተፋቸው፤ አልጋትሁትም። ሦስተኛውን ዋጠ።

ልጁ ውሎ አድሮ ሥጋ ያዘ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቤት በገባሁ ቁጥር እሱን ከማቀፌ በፊት ድስቲቱን እገለብጥ ነበር። ባለቤቴም ቆማ ታየኝ ነበር።