የተፈተገው የደረት ጌጥ

ሰዓት ሠሪው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች የሚለቅመው ጌጥ ለሚስቱ ዝገት ነው። ወታደሮች ምሽግ ውስጥ ቀኑ አልመሽ ሲላቸው የሠሩት ነው፤ ሳንቲም ቀጥቅጠው ቀለበት፣ የመለዮ ዓርማ ቆርጠው የደረት ጌጥ። «ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ የኔው ጉድ የሙት ኪስ ይበረብራል» ትላለች። እሱ የሚመኘው አንዷን እንኳ ለሠሪዋ ዘመድ መልሶ ማየት ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ የመጣው ሁሉ «የአባቴ ነው» ባይ ሆነበት። ስለዚህ ዘዴ አበጀ፤ የጌጡን ፊት ያሳያል፣ ጀርባው ላይ በሚስማር የተጫረውን ግን ለገዛ ሚስቱም ትንፍሽ አይልም። የሚያውቅ ራሱ ይናገር ብሎ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት እንደምትመጣ ላከችበት። ወንድሟ ከጦርነት አልተመለሰም፤ የተረፈው ጓደኛው ግን «የመለዮውን ዓርማ ሳንቲም ላይ ለጥፎ የደረት ጌጥ ሠርቶልሽ ነበር» ብሏታል። እንዲህ ያለ ጌጥ ሰዓት ሠሪው ያለው አንድ ብቻ ነው። እስክትመጣ መቆሚያ መቀመጫ አጣ።

መጥታ ገና ከመቀመጧ፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ሳይፈታ «ጀርባው ላይ ምን አለ ይላሉ?» አላት።

«ዶሮ» አለች። «ሌላ መሣል መች ያውቅና! የቤታችንን ግድግዳ በዶሮ ነው የጨረሰው።»

አገኘችው! ጨርቁን ፈታ። ጌጡ ያብለጨልጫል። ገለበጠው፤ ጀርባውም ያብለጨልጫል። ዶሮ ብሎ ነገር የለም።

«ማነው ይሄንን የነካው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ምስጋና እየጠበቀች። «ለእንግዳ ዝገት ይቀርባል? መሳቢያህ ውስጥ ባለው ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ጀርባውማ ጭረት ብቻ ነበር።»

ሊጮህባት ዞረ። ምን ብሎ ይቆጣ? መቼ ነገራትና! ለአጭበርባሪ ብሎ የቆለፈው ምስጢር የተቆለፈው በገዛ ሚስቱ ላይ ነው።

«እንግዲህ የሱ አይደለም» ብላ እንግዳዋ ቦርሳዋን አነሳች።

«ነው እንጂ! ዶሮዋ ነበረች! በዓይኔ አይቻታለሁ!»

«አይ ወንድሜ፣ አሁን ስለነገርኩዎት ነው። ላጽናናት ብለው ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

እውነት ይዞ እንደ ቀጣፊ መታየት እንዴት ያንገበግባል! በሩ ጋ ስትደርስ «ጫማ አድርጋለች!» ብሎ ጮኸባት። «ዶሮዋ ባለ ማሰሪያ ጫማ አድርጋለች!»

ሴትዮዋ ባለችበት ቀረች። ከዚያ ተመልሳ ጌጡን ከእጁ ወሰደች።

«ጫማውን የማስጨምረው እኔ ነበርኩ» አለች። «ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ብርድ ይመታታል እያልኩ።»

ሰዓት ሠሪው እፎይ ሊል ነበር። እሷ ግን ጌጡን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው።

«የቱ ጋ ነበረች?» አለችው።