አያቴ በፕሮጀክተር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሰቆጣ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። ምክንያቱን ስነግራችሁ እናንተም ታጨበጭቡ እንደሆነ እናያለን...

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ መምህራን በየወሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ገለጻ ያደርጋሉ። አንዴ ስለ ዓለም ታሪክ፣ አንዴ ስለ ሥዕል፣ አንዴ ስለ ፖለቲካ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ አንዱም አያመልጠኝም። ወንበር የምደረድረውም፣ እምቢ ያለውን ማይክ የምደበድበውም እኔ ነኝ። የዚህ ወር ርዕስ «ፍትሕ ከፍርድ ቤት ውጭ» የሚል ነበር።

አቅራቢው ዶክተር ከሦስት ወር በፊት ደውሎ «የድሮ ሽምግልና የሚያውቅ አባት አገናኘኝ» ብሎኝ ነበር። ሌላ ማን ጋ ልውሰደው? የእናቴ አባት ጋ ወሰድኩት። አባባ ነው የምላቸው። ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ነው የሚኖሩት። አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው።

የዚያን ቀን ዶክተሩ መቅረጫውን ሲያወጣ አባባ ወደ እኔ ዞሩና «ሂድ እስቲ ቀፎውን እይልኝ፣ ንቡ እንዳይኮበልል» አሉኝ። ሄድኩ። ንቡ በሰላም ቦታው ላይ ነው። ስመለስ ዶክተሩ ማር ይበላል፣ አባባ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። የምድጃው ጭስ ነው ብዬ አለፍኩት። ስንሰናበት የዶክተሩን እጅ ይዘው «አደራ ልጄ» አሉት። «አይዞዎት አባቴ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቀራል» አላቸው። ምኑ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም...

እሺ፣ ቅዳሜ። ዶክተሩ ስላይዱን ከፈተና «ስማቸውን የቀየርኩት አንድ አባት» ብሎ ጀመረ። እኒህ አባት በወጣትነታቸው በእርሻ ድንበር ተጣልተው ጎረቤታቸውን ገደሉ። ወደ ተከዜ ቆላ ሸሽተው ከረሙ። ኋላ ሽማግሌና ካህን ገብቶ ደም አደረቀ። ለእርቁ ማሰሪያ የገዳይ ሴት ልጅ ለሟች ወንድ ልጅ በሕፃንነታቸው ታጨች፣ ሲደርሱም ተዳረች።

እኔ ከፊት ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ። ጎበዝ ተማሪ!

«በዚያ ጠብ የሟች መጥረቢያ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣት ወስዶታል» አለ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። የአባባ ግራ እጅ ሁለት ጣት የለውም። እባብ ነድፏቸው፣ መርዙ እንዳይወጣባቸው ራሳቸው ቆረጡት እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የአባቴ አባት ደግሞ የጠፋ በሬ ሲፈልግ ገደል ገብቶ ሞተ ነው የተባልኩት። ዶክተሩ ስሙን ቀይሯል። ጣቱን ግን አልቀየረውም።

አባባን ገበያ ላይ የማያውቃቸው የለምና ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። እኔ ገና «ሌላ ሰው ይሆናል» እያልኩ ራሴን ስደልል ዶክተሩ በፈገግታ ጠቆመኝ።

«የዚያ እርቅ ፍሬ፣ የመጀመሪያው ልጅ፣ ዛሬ አብሮን አለ። መምህር፣ እስቲ ቁም!»

ቆምኩ። ምን ላድርግ? ተጨበጨበ። ለትብብሬ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ።

ሲያልቅ በር ላይ ያዝኩት። «በእኔና በእርስዎ መካከል ይቀራል አላልካቸውም?»

«ስም እኮ አልጠራሁም» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ደነገጠ። «ቆይ... አታውቅም ነበር እንዴ? ራስህ ስላገናኘኸኝ እኮ...»

ለእናቴ ደወልኩ። «ማን ነገረህ?» አለችኝ። ውሸት ነው አላለችም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባባ ጋ ወጣሁ። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታውንም በቅጡ አላስጨረስኳቸው።

«ለእኔ ሠላሳ አራት ዓመት የደበቁኝን ለማያውቁት ሰው በግማሽ ሰዓት?»

ማን እንደነገረኝ አልጠየቁም። ወሬው ቀድሞኛል።

«ተገዝተናል ልጄ» አሉ። «ደሙ ሲደርቅ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ከሁለቱም ወገን ለሚወለድ እንዳይነገር ተገዝተናል። የሰማ ልጅ ደም ይመልሳል ተብሎ።»

እኔ ደም ስመልስ ይታያችሁ! ለበዓል ዶሮዬን እንኳ የሚያርድልኝ ጎረቤት ነው።

«እሱ የኛ ዘር አይደለም፣ ግዝቱ አይነካውም» ቀጠሉ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ተቀምጦብኝ... ላንድ ሰው ልተንፍሰው አልኩ። ባዳ ነው፣ ይዞልኝ ወዳገሩ ይሄዳል አልኩ። መልሶ እዚሁ ሰቆጣ ያራግፈዋል ብዬ መች አሰብኩ?»

እሳቸውም ተከድተዋል። ገባኝ። አንድ መደብ ላይ ሁለት የተከዳን ሰዎች ተቀምጠናል። ንዴቴ ግን አልበረደም። ቢያሳፍርም ልንገራችሁ... የበለጠ ያንገበገበኝ መግደላቸው አይደለም፣ ያን ቀን ወደ ቀፎ መላካቸው ነው።

«እሺ፣ አሁንማ አውቄዋለሁ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «የአባቴ አባት ምን ዓይነት ሰው ነበር? አባቴ ሕፃን ነበር፣ አያስታውሰውም። ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ይንገሩኝ።»

አባባ ጣት የጎደለውን እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሂድ እስቲ» አሉኝ፣ «ቀፎውን እይልኝ።»

አልተነሳሁም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

ከአያቴ አፍ እውነት ለመስማት ባዳ ሆኜ መወለድ ነበረብኝ።