ዝናብ የሚዘንብበት አራተኛ ፎቅ

አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ መናፈሻ ቤት ውስጥ ዝናብ ይዘንባል አሉ። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር የእሳቸው ሳሎን ነጎድጓድ ያጓራበታል፤ ወፍ ይንጫጫበታል፤ ወንዝ ይወርድበታል። ወሬዋ ከአራተኛ ፎቅ ስትነሳ ሚጢጢ ትል ነበረች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እባብ ሆነች፤ ምድር ቤት ባለሱቋ ጋ ስትደርስ ዘንዶ፤ አስፋልቱን ተሻግራ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስትቆም ደግሞ ሁለት ዘንዶና አንድ አዞ፤ አዞዋም ነፍሰ ጡር።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ልብስ ሰፊ አላመነም። እንኳን ወሬ፣ ደንበኛ «ወገቤ አልጨመረም» ብሎ ቢምልለት እንኳ ሜትር ሳያዞር የማያምን ሰው ነው።

«አዞ ደረጃ አይወጣም» አላት ለባለሱቋ።

«ግልገል እያለች አስገብተዋት ቢሆንስ?» አለች የሳሙና ካርቶን እየከፈተች። «ደግሞ እኔ ምን ቸገረኝ! ያየሁትን ነው የማወራው። ሴትዮዋ በየጊዜው ጆንያ ተሸክመው ይገባሉ። ጆንያ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። የሕንጻው ልጆች ታጥበው እሳቸው ጋ ይገባሉ፣ ጭቃ ተለቅልቀው ይወጣሉ። ስጠይቃቸው አፋቸው ተሰፍቷል። አንተ ነህ እንዴ የሰፋኸው?»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ደረጃውን ሲወጣ ግን ሳቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አለቀ። ጆንያውን እሱም አይቶታል።

የእትዬ መናፈሻ እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ በእሱ የሚጠራቸው ስለሌለ ሳይዝግባቸው አልቀረም። ጸጉራቸው እስኪሸብት በከተማው መናፈሻ ውስጥ ልጆችን ሲያስጎበኙ ኖረዋል። ይቺ የጉንዳን ደጃፍ ናት፤ ይህን ቅጠል አሽታችሁ ንገሩኝ፤ እስቲ ዝም በሉ፣ ማነው የሚጮኸው? ሥራቸው ይኸው ነበር። ጡረታ የወጡ ዕለት የያዙት ዕቃ አንድ አካፋና አንድ ፊሽካ ብቻ ነው ይባላል። ባል ያላገቡበትን ምክንያት ሲጠየቁ ደግሞ «አንዱ ጠይቆኝ ነበር፤ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲራመድ ድምፁን አልወደድኩትም» ብለዋል አሉ። ይኼም ወሬ ነው እንግዲህ።

የጎረቤቱ ጥርጣሬ የተጀመረው ልጆቹ የሚሯሯጡበት ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ ቁፋሮ ከገባበት ወዲህ ነው። የሕንጻው ልጅ ሁሉ ቤት ተከተተ። ጠቅላላ ሕንጻው እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ጀመር፤ ግድግዳው በእርሳስ ተዥጎረጎረ፤ አንዲት ድመት ሻንጣዋን ሸክፋ ጠፋች። ከሁሉ የባሰው ግን የልብስ ሰፊው ልጅ ነበረች። ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ በጀሶ ታሰረና ሐኪሙ «ከቤት እንዳትወጣ» አለ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መጀመሪያ መሳቅ ተወች፤ ቀጥላ ማውራት፤ በመጨረሻ «አባዬ» ማለቱንም ተወችው። አባቷ ከሱቁ ከረሜላ ቢያመጣላት፣ አሻንጉሊት ቢሰፋላት፣ ግድግዳው በለጠበት።

በዚህ ላይ ጣሪያው ማንጠባጠብ ጀመረ። ጠብታው ልክ ቆጥሮ ግንባሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ለባለ ሕንጻው ከሰሰ። ባለ ሕንጻውም ወሬው ጆሮው ደርሶ ኖሮ ፈጥኖ መጣ።

«ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። አንተ ቀድመህ ገብተህ እይልኝ። ሰው ያልሆነ ነገር እዚያ ቤት ካለ፣ አንድ ትንኝም ብትሆን፣ ሴትዮዋ የዚያኑ ዕለት ዕቃቸውን ያወጣሉ። ምስክሬ አንተ ነህ።»

ልብስ ሰፊው እሺ አለ። በዋዜማው ግን ለምሳ ሲገባ በልጁ ጀሶ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ መስመር አየ፤ ከጉልበቷ ተነስቶ እየተጠማዘዘ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል። የብር ክር መሰለው። እንደ ልማዱ በጥፍሩ ሊለቅመው ሞከረ፤ አልተነሳም። ይልቅስ ጣቱ ላይ ተለጠፈ። አሸተተው፤ ጭቃ ጭቃ ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት ሚስቱን።

«ምኑ?»

«ከቤት በማትወጣ ልጅ እግር ላይ ጭቃ! ደግሞ ይሄ ጥልፍ የማን እጅ ነው?»

ልጅቷ ትራሱ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ኪ ኪ ኪ ብላ ሳቀች። ሌላ አባት ቢሆን እልል ይል ነበር። እሱ ጠረጠረ። ሚስቱ ምስር እየለቀመች ቀና አላለችም፤ ምስሩ ተለቅሞ ያለቀ መሆኑን ሲያይ የባሰውን ጠረጠረ።

ቅዳሜ የልብስ ስፌት ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ቤቱ ሲገባ አልጋው ባዶ ነው። ልጅ የለችም፣ እናት የለችም። ከላይ ጉርርርር አለ። መቀሱን ከኪሱ አወጣ። አዞ አለ ብሎ አምኖ አይደለም፤ ጥንቃቄ አይከፋም ብሎ ነው።

በሩን የከፈቱት እትዬ መናፈሻ ራሳቸው ናቸው።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት። «ጫካ በጫማ አይገባም።»

ወለሉ ሙሉ በሙሉ ደረቅ ቅጠል ለብሷል፤ ጆንያው የገባበት ይኸው ነው። አንዱ ልጅ ትሪ እየደበደበ ነጎድጓድ ሆኗል። ሌሎቹ በተጠቀለለ ካርቶን ዓይናቸውን ገጥመው በመስኮት ወፍ ይፈልጋሉ። ከመጋረጃው ብረት ቂጡ የተበሳሳ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ሳፋ ላይ ያዘንባል፤ ወንበር ላይ ቆማ ውኃ የምትጨምርበት ደግሞ የገዛ ሚስቱ ናት።

«አንቺ! እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ደመና ነኝ። መቀሱን አስቀምጥ አንተ ሰውዬ፣ ቀንድ አውጣዎቹን ታስደነግጣለህ።»

ልጁ መሐል ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት እግሯን ዘርግታለች። በጀሶው ላይ ቀንድ አውጣዎች፣ ቤታቸውን እንዳዘሉ፣ ከጉልበቷ ወደ ታች ይጓዛሉ።

«ቀስ!» አሉት እትዬ መናፈሻ። «የወደቀ ግንድ እየተሻገሩ ነው። እሷ ወደ ጫካው መሄድ ካልቻለች ጫካው በእሷ ላይ ይሂድ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው ወደ ታች ሲያይ ከእግሩ ሥር የተዘረጋውን ሰማያዊ ጨርቅ አወቀው። «ይሄ… ይሄ እኮ የጠፋብኝ ገበር ነው!»

«አባዬ» አለች ልጁ ቆጣ ብላ፣ «ወንዙን ረግጠኸዋል!»

አባዬ። ልብስ ሰፊው ከወንዙ ዘሎ ወጣ፤ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አማተረ። ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ጎንበስ ብሎ ከሶፋው ሥር አየና በሹክሹክታ፣ «አዞ የለም አይደል፣ እትዬ?»

«ልጅህ ጠይቃኝ ነበር። ገና አልሠራነውም።»

በሩ ተንኳኳ። ባለ ሕንጻው ነው። ነጎድጓዱ ትሪውን እንዳቀፈ ቀረ፤ ደመናዋ ወንበሯ ላይ ደረቀች። እትዬ መናፈሻ ልብስ ሰፊውን አዩት። በሩን ከፈት አድርገው ክፍተቱን በትከሻቸው ሞሉት። እሱም ከጎናቸው ቆመ።

«እህስ፣ ምን አየህ?» አለ ባለ ሕንጻው።

«ደረቅ ቤት ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ትከሻህ ለምን ራሰ?»

«ላብ ነው።»

«ጸጉርህ ላይ ያለው ቅጠልስ?»

«ፋሽን ነው።»

«ጣሪያህን የሚያንጠባጥበውስ?»

«የእርስዎ ቧንቧ ነዋ! ዝጎ አልቋል። ከላይ እስከ ታች በሙሉ መቀየር አለበት።»

«በሙሉ መቀየር» የሚለውን ሲሰማ ባለ ሕንጻው አንድ ደረጃ ወረደ። ሁለተኛውን ሊወርድ ሲል ግን ከውስጥ ጉርርር አለ፤ ትሪ ለካ አደራ አይችልም። ሰውዬው ዞረ፤ ዓይኑን አጠበበ፤ ወደ እትዬ መናፈሻ ጣቱን ቀሰረ።

«እስቲ እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ። የሚወራው እውነት ነው?»

«ውሸት ነው» አሉ እትዬ መናፈሻ፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይነቃነቅ። «ዝናብ የለም፤ ነጎድጓድ የለም፤ ወንዝ የለም። ዘንዶም፣ አዞም፣ ትልም የለም። ልጅ የሚባል ፍጥረት ይህን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እኔ ራሴ ቅጠል አልወድም፤ ያስነጥሰኛል።»