ትዕዛዙን ብቻ ያስተምሩኝ

ልጄን በሁለት ዓመቷ ለስፔን ሰዎች በጉዲፈቻ ሰጥቻታለሁ። ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ደብዳቤ ጻፈች፤ ሐይቅ ድረስ ልትመጣ ነው። አማርኛ የላትም። ለምን እንደሰጠኋት ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈለግሁም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁ ሰው ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ግን በልጅነታቸው ኩባ ተልከው በስፓኒሽ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም አሉ። ከአሱር ሶላት በኋላ ደብተሬን ይዤ እሳቸው ዘንድ እሄድ ጀመር። ድምፁን በአማርኛ ፊደል እጽፋለሁ፤ እሳቸው «ሬፒቴ!» ይላሉ። ድገሚ ማለት ነው። ለእያንዳንዷ ቃል ሬፒቴ! ወላሂ፣ ወጥ ሳማስል እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሁብኝ ነበር።

መጀመሪያ ትዕዛዝ እንዲያስተምሩኝ ጠየቅሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይለመን አይበላም፤ «በሞቴ» ካላሉት እጁን ይሰበስባል። ኮሜ፣ ብይ። ቤን፣ ነይ። ሲየንታቴ፣ ተቀመጪ። ቀጥዬ የአሳውን አጥንት ተጠንቀቂ፣ ሐይቁ ዳር አትቁሚ፣ ያልፈላ ውሃ አትጠጪ የሚለውን ፈለግሁ።

«ልጅቷን ልታስተናግጃት ነው ወይስ ልታስሪያት?» አሉ። «ይልቅ ያለፈውን እንጀምር።»

በስፓኒሽ ያለፈው ጊዜ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖ ያበቃው ለብቻ፣ ሲሆን የነበረው ለብቻ።

«ጋሼ፣ ያለፈ ያው ያለፈ አይደለም እንዴ?» ብዬ ተናደድሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የፈራሁት የምጽፈውን ነገር ነው። ሦስት መስመር እንደምንም አስጻፉኝና ወደ ትዕዛዜ ተመለስሁ።

ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አልፈው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ጉዞዋ ቀረ። እኛም ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወዲያ ሸሸን። ጥንቁቅ ነኝ ባይዋ መታወቂያዬን ረስቼ ደብተሩን ታጥቄ ወጣሁ! ስንመለስ ስልክ የለም። ቆይቶ ሲለቀቅ፣ በጋሼ ስልክ ላይ መልኳ መጣ። ረጅም አንገቷ የእኔ ነው።

«ኮሜ!» አልኋት። ሳቀች፤ ዳቦ አምጥታ እያየኋት ገመጠች። ደስ ብሎኝ ትዕዛዜን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ ስፔን ላለች ልጅ የሐይቁ ዳር እንኳ አልቀረም።

ዳቦውን አስቀመጠች። «ፖር ኬ?» አለች። ለምን?

ጋሼ ሊመልሱላት ሲሉ በእጄ ከለከልኋቸው። ሦስቱን መስመር ከደብተሩ አነበብሁ። አባትሽ ሞተ። እኔም ታምሜ ነበር። እንድትኖሪ ብዬ ሰጠሁሽ።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነቀነቅሁት።

«ሬፒቴ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ደብተሩን ዘጋሁት። ደገምሁላት።