ሞደሙ እስኪነሳ

ትናንት ቤታችን ኢንተርኔቱ ድንገት ቆመ። ልጄ ሞደሙን ልትነቅል ስትነሳ፣ «ተይው፣ ራሱን እያደሰ ነው። አሁን ከነቀልሽው ይበላሻል» አልኳት። ይህን የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። «ጅቡቲ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

ጅቡቲ ሳለሁ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ ከድሬዳዋ ሄጄ አንድ ሞደም ጠጋኝ ዘንድ እሠራ ነበር። በጋው ሲከር ከበረሃ የሚነሳው ነፋስ ከተማውን አቧራ ያለብሳል፣ መብራትም ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን አዲስ ሶፍትዌር በመስመር ይላክ ነበር፤ ሞደሙ ተቀብሎ ራሱ ይጭናል። በመሐል መብራት ከሄደ ግን አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ሳያልቅ ይቀርና፣ ቀይ አምፖሉን አብርቶ ይደርቃል።

አንድ ቀትር፣ የበላሁት ጥብስ ዓሣ ቅመም ገና ከእጄ ሳይለቅ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ወዳለ ቪላ ተላክሁ። በሩን የቤት ሠራተኛ ሽርጥ ያደረጉ ሴትዮ ከፈቱልኝ። ቀና ብዬ ሳይ ቲቸር ሰናይት ናቸው፤ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ። ድሬዳዋ ሁላችንም፣ ጅቡቲ ትምህርት ቤት ተቀጥረው ያስተምራሉ ብለን ነበር የምናውቀው።

«ቲ…» ስል አቀረቀሩ። ከኋላቸው የቤቱ እመቤት መጣች።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለች በፈረንሳይኛ።

«ኖ፣ ማዳም» አሉ ቲቸር ቀድመውኝ።

ማዳም በጣቷ ጠቆመቻቸው። «አቧራ ስትጠርግ የነቀለችው እሷ ናት። አበላሽታው ከሆነ ንገረኝ፣ ዛሬውኑ ትሂድልኝ።»

በሞደሙ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብቼ የማስነሻ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ፤ ከዚያ ላፕቶፔን በገመድ አገናኝቼ ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው እንጂ መንካት የለም። ማዳም እየወጣች፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ዕቃ እንዳያነሳ ቆመሽ ጠብቂው» አለቻቸው።

ቲቸር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ወንበር ላይ ነኝ። ብድግ ብዬ ላስቀምጣቸው ፈለግሁ፤ ግን ለማዳም አንተዋወቅም ተብሏል።

«እኔ አልነካሁትም» አሉኝ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ። አስተማሪዬ እኔን ሲለማመጡኝ! የምገባበት ጠፋኝ።

«አውቃለሁ ቲቸር። መብራት ሄዶበት ነው። ጎረቤቶቻችሁም ጋ እንዲሁ ሆኖ ሰሞኑን ጠግኛለሁ።»

አረንጓዴው ሲበራ ማዳም ተመለሰች፤ ጥፋቱ የመብራቱ እንደሆነ ነገርኳት። «እንግዲያው ደህና» ብላ ስልኳን ከፈተች። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

«መርሲ፣ ሙስዩ» አሉኝ ቲቸር። በሩ ላይ ስንደርስ ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ «እናትህን ሰላም በልልኝ… አይ፣ ተው፣ ጭራሽ አታንሳኝ» አሉ።

እናቴ በስልክ ስለ ቲቸር ስትጠይቀኝ፣ «ጅቡቲ ሰፊ ናት፣ አላገኘኋቸውም» አልኳት። እሷ ራሷ ሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ፤ ብታውቅ አትንቃቸውም ነበር። እኔም በሥራቸው አላፈርኩም። ዛሬም ድረስ ሳስበው የሚያሸማቅቀኝ ሌላ ነው፤ እሳቸው ቆመው እኔ ተቀምጬ መጠበቄ።