የአስካለን ሳንባ ይዤ ከአሰላ አዲስ አበባ

ከአሰላ የተነሳሁት በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለገበያ አልሄድኩም፣ ዘመድ ልጠይቅም አልሄድኩም። ባለቤቴ አስካለ አሰላ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ከሳንባዋ በመርፌ የተወሰደውን ሥጋ ይዤ አዲስ አበባ ላስመረምር ነው። በሽተኛው ይተኛል፣ ከሰውነቱ የወጣውን ደግሞ ዘመድ ተሸክሞ ይሄዳል፤ እንዲህ ነው የሚደረገው።

እኔ ከአርሲ ሮቤ ወዲያ የምኖር ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልጽፍም።

የተሰጠኝ ብልቃጥ ሁለት ነው። ትልቁ ውስጥ መድኃኒት አለ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ይንሳፈፍበታል። ትንሹ የጣት ያህል ነው፤ በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ቀብረውታል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትዕግሥት ግን አለው።

«አባባ፣ በሽታው ምን እንደሆነ የሚታወቀው በትልቁ ነው። እንዳይደፋ ብቻ ይጠንቀቁ። ትንሹ ግን በረዶው ከቀለጠ አለቀለት።»

«ትንሹ ለምንድን ነው?»

«ለጥናት ነው። ካንሰር በያዘው ሳንባ ውስጥ ቅባቱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ትልቁን ለምርመራ ሲያዘጋጁት ቅባቱ ታጥቦ ይወጣል። ለዚህ ነው ሌላው በበረዶ የሚሄደው።»

«ካንሰር ነው አልክ?»

«አላልኩም። ሊሆን ይችላል ብለን ፈርተናል።»

«ጥናቱ እሷን ይጠቅማታል?»

«እሷን አይጠቅምም። ምናልባት ወደፊት ሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል።»

አይሆንም ልል አፌን ስከፍት አስካለ ከአልጋዋ ቀደመችኝ። «ሳንባው የኔ ነው ያንተ?» አለችና አውራ ጣቷን ለፊርማ ወደ ቀለሙ ዘረጋች።

ሳሉ የጀመራት በሚያዝያ ነው። እኔ ብርድ ነው አልኩ። ልጃችን ወርቄ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትል «እዚያ የገባ በእግሩ አይወጣም» ብዬ ከለከልኩ። በየጧቱ ቅቤ አቅልጬ በሲኒ አጠጣኋት። እኛ ዘንድ ለደረት የሚሰጠው ይኸው ነው። በፍልሰታ ጾም እንኳ ቄሱን አስፈቅጄ አላቋረጥኩም። እየከሳች ስትሄድ አንዱን ሲኒ ሁለት አደረግሁት። በጥቅምት ደም ተፋች። ያን ጊዜ ነው ያመጣኋት።

ልወጣ ስል እጄን ያዘች።

«የሚነግሩህን ንገረኝ። እንደ አባትህ እንዳታደርገኝ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ከአሰላ እስከ ዴራ

ጭላሎ ጉም ለብሶ አይታይም ነበር። የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠው፤ ለሳጥኑ ግን ደግ ብርድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሾፌሩ ገና ሳልቀመጥ ጀመረኝ።

«አባባ፣ ዕቃውን ላይ እንጫነው።»

«ዕቃ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ተሳፋሪ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «እንግዲያው ተሳፋሪ ከሆነ ሒሳብ ይከፈልለታ!» አለ ሾፌሩ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ።

ኢተያ አካባቢ ስንዴው ቢጫ ሆኗል። ኮምባይነሮች ማሳው ዳር ተሰልፈዋል። የኔም ስንዴ ደርሷል፤ ማን እንደሚያጭደው ግን አላሰብኩም። ሳስብ የነበረው አባቴን ነው።

አባቴ ሞራ ያነብ ነበር። በግ ሲታረድ ሆዱን የሚሸፍነውን ሞራ እንዳለ ያወጣና በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። ሥሮቹንና ነጠብጣቦቹን አይቶ ዝናቡን፣ በሽታውን፣ ሞቱን ይናገራል። ቄሱ ቢገዝቱትም አልተወም፤ እልህ የዘራችን ነው። ታናሽ ወንድሜ በታመመ ጊዜ በግ አርዶ ሞራውን አየና «ደህና ነው፣ ይድናል» አለ። ወር ሳይሞላ ልጁ ሞተ። እናቴ «እውነት ያን ቀን ምን አየህ?» ብላ ያዘችው። «ያየሁትንማ አየሁ» አላት። እናቴ እስክትሞት አልማረችውም። «ብትነግረኝ እሰናበተው ነበር» ትል ነበር። አስካለ ይህን የሰማችው ከእናቴ አፍ ነው።

ከኢተያ በታች ቁልቁለቱ ሲጀምር ብርዱ አለቀ። ግራር፣ ፍየል፣ አቧራ። ዴራ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። እየተንፏቀቅን ጎሚስታው ደጅ ደረስን። ጎሚስታው ምሳ ሄዷል ተባለ። ገና አራት ሰዓት ነው፣ የምን ምሳ ነው ብል የሚሰማኝ የለም። ሳጥኑን ብከፍተው በረዶው ግማሽ ውሃ ሆኗል።

መንገድ ዳር ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥ ሴት አየሁ። ፍሪጇ ያንጎራጉራል።

«እመቤት፣ በረዶ አለሽ?»

«በረዶ ለምንዎ ነው አካኮ? ሥጋ ነው የያዙት?» አለች እንደ አያቷ ቆጥራኝ።

«የሚስቴ ሳንባ ነው።»

ተሳፋሪዎቹ ከኋላዬ ቆመው ሰሙ። ሾፌሩ የያዘውን ሲጋራ ጣለ። ሴትዮዋ ግን አልደነገጠችም። በላስቲክ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ድንጋይ የሆነውን፣ አምስት አወጣችና በራሷ እጅ በትንሹ ብልቃጥ ዙሪያ ደረደረችው። ሒሳብ ስላት በእጇ ከለከለችኝ። «ረቢ ሃፈይሱ» አለች፤ እግዚአብሔር ይማርልዎ ማለቷ ነው። ጎማው ተሠርቶ ስንነሳ ሾፌሩ ያለ ወትሮው ቀስ ብሎ ነዳ። ሒሳብ የሚል ቀልድም አላነሳም።

አዲስ አበባ

ከአዳማ ወዲያ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም፤ ዓይን የሚያሳርፍ ነገር አላገኘሁበትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራው ደረስኩ። ትልቁን ብልቃጥ በመስኮት ተቀበሉኝና ከስምንት ቀን በኋላ ና አሉኝ። ትንሹን የተቀበለችኝ ሰብለ የምትባል ዶክተር ናት፤ የቅባቱን ጥናት የምትሠራው እሷ ነች። በረዶውን ነካ አድርጋ «ከአሰላ እስከዚህ እንዴት አቆዩት?» አለችኝ። የዴራዋን ሴት ነገርኳት።

ስምንቱን ቀን በእህቴ ልጅ በታደሰ ቤት ቆየሁ። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አልወርድልህ አለኝ። ታደሰ ማታ ማታ ይመክረኛል። «ጋሼ፣ ክፉ ከሆነ እንዳትነግራት። ቲቢ ነው በላት። ተስፋዋን ለምን ትቆርጣለህ?» እኔም እሺ አልኩት። በልቤም እሺ ብዬ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ወረቀቱን ሰጡኝ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። የማውቀው ሰው ሰብለ ብቻ ስለሆነች ወደ እሷ ወሰድኩት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ወንበር ሳበችልኝ።

«አባባ፣ ካንሰር ነው። ከአሰላ ከመጣው ማስረጃ ጋር ሲታይ ተሰራጭቷል። ሙሉ በሙሉ የሚያድን ሕክምና የለውም። ጊዜ የሚጨምርና ሕመሙን የሚያስታግስ ግን አለ።»

ስምንት ቀን ሙሉ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋት። «ልጄ፣ አንቺ የምታጠኚው ቅባት ነው። እኔ ስድስት ወር ቅቤ አጠጥቻታለሁ። እሷ ስትከሳ በሽታውን ያወፈርኩት እኔ ነኝ?»

አልሳቀችም። ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረች። የሌላ ሰው ሳንባ ነው፣ በቀለም የተነከረ። በአንድ ወገን ስስ መረብ ይመስላል። በሌላው ወገን ቀይ ጠብታዎች እንደ ምስር ተጨናንቀዋል።

«ደህና ሳንባ ስስ ቅባት አለው። እሱ ባይኖር አየር የሚገባባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ይጣበቁ ነበር። ካንሰሩ ግን ሌላ ነው። ሲባዛ ለገላው መሥሪያ ቅባት ይፈልጋል፤ ራሱ ይሠራል፣ ካገኘበትም ይሰበስባል፣ ያከማቻል። እነዚህ ቀዮቹ ያከማቸው ቅባት ናቸው። እርስዎ ቅቤ ስላጠጧት አልመጣም።»

«ቅቤው ካልሆነ ስድስቱ ወርስ?»

ቁልቁል ወረቀቱን አየች። መልሱን እንዲሁ አገኘሁት።

ሥዕሉን እያየሁ «አባቴም እንዲህ ያይ ነበር፣ የበግ ሞራ» አልኳት።

«እኛ የሚመጣውን አናይም አባባ። ያለውን ብቻ ነው የምናየው።»

«እሱም ካልተነገረ ምን ያደርጋል» አልኩ። ይህን ስል ታደሰን ሳይሆን እናቴን ነው ያሰብኩት።

መመለስ

በመልሱ መንገድ ዴራ ወርጄ ለሴትዮዋ ደህና ደርሷል አልኳት። ስለ ወረቀቱ ጠየቀችኝ። ራሴን ብነቀንቅላት ገባት፤ ጠርሙስ ውሃ አስይዛ ሸኘችኝ።

ከዴራ እስከ አሰላ ቲቢ ነው፣ ቲቢ ነው እያልኩ አፌን አለማመድኩት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ ተመለሰ። ኢተያ ላይ ስንዴው ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል።

አስካለ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ጋቢዋ ሰፍቷታል። ሰላም እንኳ ሳትለኝ «ምን አሉህ?» አለች። አፌን ስከፍት ያለማመድኩት ቃል ጠፋ።

«ካንሰር ነው። ተሰራጭቷል። መድኃኒቱ ጊዜ ይጨምራል እንጂ አያድንም።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ጭላሎ ያን ቀን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

«ወርቄንና ወንድሞቿን ጥራልኝ። ድምፄ ሳይዘጋ የምላቸው አለኝ።»

«እጠራለሁ። አስካለ፣ ቅቤው አይደለም አሉ። ያዘገየሁሽ እኔ ነኝ። ስድስት ወር ቤት አስቀመጥኩሽ።»

«አዎ፣ አስቀመጥከኝ» አለች። አላባበለችኝም። «ቅቤው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያቅለሸልሸኝ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ጠጣሽው?»

«ሌላ የምትሰጠኝ እንደሌለህ አውቃለሁ። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተህ ስታቀልጥ እያየሁ እንዴት አልጠጣም?»

ልጆቹ ሁሉም መጡ። የተባባሉትን አልጽፍም፤ የነሱ ነው። ከዚያ ወደ ሮቤ ይዘናት ተመለስን፤ ለመድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ አሰላ እንወርዳለን። ስንዴውን ጎረቤት አጭዶ ጠብቆኛል።

ቤታችሁ ሳል የማይለቀው ሰው ካለ ብርድ ነው አትበሉ፣ እንደኔም እልህ አትያዙ፤ ውሰዱት። ሌላ የምመክረው የለኝም። እኔ ያወቅሁት ዘግይቶ ነው።

የቅቤውን ቅል ለጎረቤት ሰጠሁት። ጧት ግን እጄ ልማዱን አልተወም፣ በጨለማ ሲኒውን ይፈልጋል። ያን ጊዜ ቆም እልና ወደ አልጋው ዞሬ ምን ትፈልጊያለሽ እላታለሁ። በአርባ ዓመት ትዳር መጠየቅ የጀመርኩት አሁን ነው። ሻይ ትላለች። አንዳንድ ቀን ምንም አልፈልግም፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ ትላለች። እቀመጣለሁ።