የአጎቴ የእጅ ጀርባ

አጎቴ ጎሚስታ ነው። ጎማ ውስጥ ነፋስ ከመሙላቱ በፊት የእጁን ጀርባ ያስነካዋል፤ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስስ። ሕፃን ሳለሁ ጎማም ትኩሳት ይይዘዋል ብዬ አምን ነበር። ለካ እውነት ኖሯል! መኪና ሲሮጥ ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ይሞቃል፤ መለኪያው ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ በዛ ብለህ ካስተነፈስከው፣ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

«ትኩስ ጎማ ውሸታም ነው» ይላል አጎቴ። «ሳይቀዘቅዝ አይለካም።»

ይህ ለታክሲ ብዙም አያሳስብም። ጥድፊያ ለምንለው ጓደኛው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ጥድፊያ የእሽቅድድም መኪና ይነዳል፤ ዝቅ ያለች፣ ሰፋፊ ጎማ ያላት ቀይ መኪና። ፊት ሠላሳ ሁለት፣ ኋላ ሠላሳ። ነፋሱ ከዚያ ልክ ከጎደለ ጎማው ኩርባ ላይ ይታጠፋል፤ ከበዛ መሬቱን ቆንጥጦ አይዝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአጎቴ በቀር ጎማዋን የነካ የለም።

ለውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ጥድፊያ ቀይዋን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። እኔ የጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አነብ ነበር።

«አሳርፈሃታል?» አለው አጎቴ።

«ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው። ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረቱን ለሚስትህ አቆይላትና ነፋሱን ስጠኝ።»

አጎቴ እየሳቀ አራቱንም ጎማዎች በእጁ ጀርባ ነካካ። የጥድፊያን ውሸት የሚይዘው በዚህ ነበር፤ «አንተ ቀጣፊ፣ አሁን ነው ከመንገድ የገባኸው!» ይልና ቁጭ አድርጎ ያስጠብቀዋል። ያን ቀን ግን «ቀዝቅዟል» አለ። መለኪያው ሠላሳ ስምንት ሲያሳየው «ማነው እንዲህ ያጨቀው?» ብሎ እያጉረመረመ አስተነፈሰው።

በማግስቱ ጥድፊያ ከልምምድ ተመለሰ። የመኪናዋ ግራ ጎን ከዳር እስከ ዳር ተፍቋል።

«ኩርባው ላይ ጭቃ የረገጠች ነው የመሰለችኝ! ግንቡን ታክኬ ነው የወጣሁት። ምን በደልኩህ?»

አጎቴ መለኪያውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ጥድፊያ የዘረጋውን እጅ አፈፍ አድርጎ ያዘው። በአጎቴ እጅ ጀርባ ላይ ቃጠሎ ውኃ ቋጥሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?» አጎቴ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየው። «እንጃ። ኮምፕረሰሩ ነክቶኝ ይሆናል።»

«ይሆናል?»

ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። ታናሽ እህቱ የሆነችው እናቴ የምትጨነቀው ግን እግሩ እንዳይደነዝዝ ነበር፤ ስለ እጁ የጠየቀው የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደደነዘዘ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥድፊያ አንገቱን ደፋ። «ዋሽቼህ ነበር። በቀጥታ ከመንገድ ነው የመጣሁት። እንደ ሁልጊዜው ትይዘኛለህ ብዬ...»

«ልይዝህ ይገባ ነበር።»

«ከእንግዲህ አልዋሽህም፤ በቃ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትሞላለህ።»

«አንተ? አንተማ ነገም ትዋሻለህ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

አጎቴ እጁን በጨርቅ ጠረገና መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ሌላ ጎሚስታ አለ፤ «ጎማ ገዳይ» እያለ ያማዋል፤ ሰላምታም የላቸውም።

«ቀይዋን ትረከበኛለህ» አለው። «ፊት ሠላሳ ሁለት፣ ኋላ ሠላሳ። የቀኝ የኋላው ቫልቭ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል። ባለቤቷ አሳርፌያታለሁ ካለህ አትመነው።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። የአጎቴን ፊት ሲያይ እስክሪብቶ ፈለገ።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት አጎቴ የብስክሌት ከመነዳሪ በሳፋ ውኃ ውስጥ እየደፈቀ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።

«ይሄ በዓይን ነው» አለኝ። «አረፋው ራሱ ይናገራል።»

ማዶ የቀይዋ ሞተር ተነሳ። ከውኃው ሥር አረፋ ተግተልትሎ ወጣ። አጎቴ ግን ወደ መንገዱ እያየ ነበር።